ቁጥሩ ከመነካቱ በፊት

አንድ ገበሬ ካመረተው ጤፍ ሲሶውን ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳውን ከፈለ። ከቀረው ግማሹን ለቤቱ ቀለብ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለገበያ የሚወጣ 4 ኩንታል ተረፈው። ጤፉን ያገኘው ከ3 ጥማድ መሬት ነው። በጠቅላላው ስንት ኩንታል አመረተ?

ይህን ጥያቄ አማኑኤል ገበያ ላይ፣ ጆንያ ተደግፎ ለተቀመጠ የእህል ነጋዴ በቃል ብትነግሩት ወረቀት አይፈልግም። አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር የምትገኝ የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት፤ በዚያ አገር ጤፍ ማካፈል የዘወትር ሥራ ነው። ነጋዴው ከመጨረሻው ይነሣል። የተረፈው 4 ከሆነ ለቀለብ የተቀመጠውም 4 ነው፤ በአንድ ላይ 8። ይህ 8 ሲሶው ከተነሣ በኋላ የቀረ ነውና ሁለት እጅ ነው። አንዱ እጅ 4፣ ጠቅላላው 12 ኩንታል።

አሁን ያው ጥያቄ ታትሞ የነጋዴው ልጅ ፈተና ላይ ቀረበ እንበል። ልጁ ዓይኑን ቁጥር ቁጥሩ ላይ ይጥላል፦ ሲሶ፣ ግማሽ፣ 4፣ 3። ሲሶንና ግማሽን ይደምራል፤ አምስት ስድስተኛ ያገኛል። የቀረው ስድስተኛ እጅ 4 ኩንታል ከሆነ ጠቅላላው 24 ነው ብሎ ይጽፋል። የክፍልፋይ ድምሩ ትክክል ነው፤ ብዜቱም ትክክል ነው። የሳተው «ከቀረው» የምትለዋን ቃል ነው። ግማሹ የተወሰደው ከጠቅላላው ሳይሆን ከቀረው ላይ መሆኑን አላየም፤ ማየት የነበረበት ደግሞ እስክርቢቶ ከማንሣቱ በፊት ነው።

በዚህ ምዕራፍ የማነሣው ነገር አንድ ነው። የቃላት ፕሮብሌም የሚፈታውም የሚበላሸውም ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ማካፈልና ማባዛት የማይችል ተማሪ መኖሩን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ማካፈልና ማባዛት ችሎ የሚወድቀው ልጅ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ለእርሱ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነውና።

በገበያ የሚያስብ አእምሮ ወረቀት ላይ ለምን እንደሚሰንፍ ተጠንቷል። በብራዚል ሬሲፌ ከተማ ቴሬዚኛ ኑኔስ፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች ጎዳና ላይ ኮኮናትና ሐብሐብ ከሚሸጡ ልጆች ጋር ሠሩ። ደንበኛ ሆነው «አሥር ኮኮናት በስንት ትሰጠኛለህ?» እያሉ ጠየቋቸው። በኋላ ያንኑ ስሌት ወረቀት ላይ አቀረቡላቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንደተመለከተው ልጆቹ ገበያ ላይ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ታሪክ ባለው የቃላት ጥያቄ 74 ከመቶ ሆነ። ታሪክ በሌለው ባዶ ስሌት 37 ከመቶ ወረደ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ያነጻጽራል፤ እኔ ግን መካከለኛውን አብልጬ አየዋለሁ። ታሪክ መኖሩ ልጆቹን ረድቷቸዋል። የቃላት ፕሮብሌም ከባድ የሚሆነው ታሪክ ስላለው እንደሆነ አድርገን እናወራለን፤ ታሪኩ ግን ዋናው ረዳት ነው፤ ተማሪው ከገባበት።

እንዳይገባበት የምናደርገው እኛው ነን። በየክፍሉ የሚሰጥ አንድ ምክር አለ፦ «ቁልፍ ቃሉን ፈልግ። ‹ይበልጣል› ካለ ደምር፤ ‹ያንሳል› ካለ ቀንስ፤ ‹እጥፍ› ካለ አባዛ።» ምክሩ በቀላሉ ይያዛል፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መልመጃዎችም ያሠራል። እስቲ ይህን ተመልከቱ፦

አበበ 12 በጎች አሉት። የአበበ በጎች ከከበደ በጎች በ5 ይበልጣሉ። ከበደ ስንት በጎች አሉት?

ቁልፍ ቃል የሚፈልግ ተማሪ «ይበልጣሉ» ላይ ሲደርስ 12 ሲደመር 5 ብሎ 17 ይጽፋል። የሁለቱን ሰዎች በጎች በዓይነ ሕሊናው ያየ ግን የሚበልጠው አበበ መሆኑን፣ ስለዚህ የከበደ በጎች 7 እንደሆኑ ወዲያው ያውቃል። ሜሪ ሄጋርቲ፣ ሪቻርድ ማየርና ባልደረባቸው በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሲያነቡ የዓይናቸውን እንቅስቃሴ ተከታትለዋል። የሚሳሳቱት ተመልሰው ተመልሰው የሚያዩት ቁጥሮቹንና እንደ «ይበልጣል» ያሉትን ቃላት ነበር። በትክክል የሚፈቱት ደግሞ የነገሮቹን ስም ጭምር ደጋግመው ያዩ ነበር፦ ማን? የማን በጎች? ከማን? ቁልፍ ቃል የማደን ልማድ እንግዲህ ከደካሞቹ አንባቢዎች ልማድ ጋር አንድ ነው፤ ያንን ነው እንደ ዘዴ የምናስተምረው።

ልማዱ የት ድረስ እንደሚያደርስ በፈረንሳይ ግሬኖብል በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ ታይቷል። ለአንደኛ ደረጃ ልጆች እንዲህ የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው፦ «በአንድ መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ። የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?» አብዛኞቹ ልጆች 36 ብለው መለሱ። እነዚህ ሰነፍ ልጆች አልነበሩም። ትምህርት ቤት አንድ ነገር አስተምሯቸዋል፦ ጥያቄ ከተሰጠ መልስ አለው፤ ቁጥሮች ከተሰጡ ሁሉም ይሠራባቸዋል። በእኛ መጻሕፍትም መልመጃው ከ«ማባዛት» ምዕራፍ ሥር ከሆነ ሁሉም ጥያቄ በማባዛት ይፈታል፤ ተማሪው ርእሱን አይቶ ይሠራል እንጂ ጥያቄውን አያነብም። በተማሪዎች ፊት ማድረግ ከምትችሉት መልካም ነገር አንዱ አልፎ አልፎ የማይፈታ ጥያቄ መስጠት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የማያስፈልግ ቁጥር መጨመር ነው። በጤፉ ጥያቄ ውስጥ «3 ጥማድ» የገባው ለዚህ ነው። ለመልሱ አያስፈልግም፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሃንጋሪው ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ጥያቄ አፈታት የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ ሥራውን በአራት ከፍሎታል፦ ጥያቄውን መረዳት፣ መንገድ ማሰብ፣ መሥራት፣ ዞሮ ማየት። አራቱ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ነገር ግን «መረዳት» የሚለውን ማዘዝ ቀላል ነው፤ የሚረዳ ሰው ምን እንደሚያደርግ ማሳየት ነው ከባዱ። እኔ የማምንበት አንድ ተግባር አለ። ጥያቄውን ካነበባችሁ በኋላ ወረቀቱን ገልብጡና ታሪኩን ያለ ቁጥር ለሌላ ሰው ተርኩ። «አንድ ገበሬ ጤፍ አመረተ፤ ከፊሉን ሸጠ፤ ከቀረው ከፊሉን አስቀመጠ፤ ትንሽ ተረፈው፤ መጀመሪያ የነበረውን ነው የሚጠይቀን።» እንዲህ መተረክ የቻለ ልጅ መንገዱን አግኝቷል ማለት ይቻላል። ሲተርክ «ከቀረው» የምትለዋን ቃል መዝለል አይችልም፤ ከዘለለ ታሪኩ ራሱ ይበላሽበታል።

ከትረካው ቀጥሎ ሥዕል ይመጣል። ሥዕሉ በሬና ጎተራ አይደለም፤ አንድ ረጅም ሣጥን ነው። ሣጥኑን ሦስት ቦታ ክፈሉ፤ አንዱን አጥቁሩ፤ ተሽጧል። የቀሩት ሁለቱ እኩል ናቸውና ግማሹ ማለት አንዱ ነው፤ እርሱንም አጥቁሩ። የቀረው ሣጥን 4 ኩንታል ከሆነ ሦስቱ 12 ናቸው። ክፍልፋይ መደመር የሚያስፈልግበት ቦታ ጨርሶ የለም። ነጋዴው በቃሉ የሠራው ይህንኑ ሥዕል ነው፤ «ሁለት እጅ» ሲል ሣጥኑ ይታየዋል።

ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መሄድ የሚረዳው መጨረሻው ሲታወቅ ነው። ሁለቱም ጫፍ የማይታወቅበት ጥያቄ ሌላ ድፍረት ይጠይቃል፤ እያወቁ የተሳሳተ ግምት ይዞ መነሣት። አንድ ግቢ ውስጥ በጎችና ዶሮዎች አሉ፤ ጭንቅላታቸው ሲቆጠር 20፣ እግራቸው ሲቆጠር 56። ስንት በግ፣ ስንት ዶሮ? ከፍ ባሉት ክፍሎች ይህ በሁለት ተላውጦዎች ይሠራል። ከዚያ በታች ላለ ልጅ ግን እንዲህ በሉ፦ ሁሉም ዶሮ ናቸው እንበል። 20 ዶሮ 40 እግር አለው። እኛ ግን 56 ቆጥረናል፤ 16 እግር ተረፈን። አንዱን ዶሮ በበግ ስንተካ ሁለት እግር ይጨመራል። 16ቱን ለመሙላት 8 ጊዜ መተካት አለብን። 8 በግ፣ 12 ዶሮ። ሲፈተሽ 32 ሲደመር 24፣ 56 ነው። ዘዴው እጅግ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 አካባቢ በግብፅ አሕሞስ የተባለ ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ላይ አንድ ብዛትና ሰባተኛ እጁ ሲደመሩ 19 የሚሆኑበት ጥያቄ አለ። ጸሐፊው ብዛቱ 7 ነው ብሎ ይነሣል፤ ድምሩ 8 ይሆናል፤ ከዚያ 8ን ወደ 19 ለማድረስ በሚያስፈልገው ልክ 7ትን ያሳድጋል። ለተማሪ ትልቁ ነገር የተሳሳተ ግምት ማስረጃ እንደሚሰጥ ማወቁ ነው። መልሱን ሳያውቅ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ልጅ ይህን ከያዘ ሁልጊዜ የሚጀምርበት አለው።

ቁጥር ጨርሶ የሌለበት ጥያቄም ያስተምራል። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰው ታሪክ ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሰምተናል። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መያዝ አይችልም፤ ነብሩ ከፍየሏ፣ ፍየሏም ከቅጠሉ ጋር ብቻቸውን አይተዉም። በአውሮፓ ጽሑፎች ጥያቄው ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን ሆኖ አልኩዊን ለተባለ ሊቅ በሚሰጥ የ8ኛው መቶ ዓመት ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሰው ሁሉ የሚጣበቅበት ቦታ አንድ ነው። ፍየሏን አሻግሮ ነብሩን ሲያመጣ፣ ፍየሏን መልሶ ወደ መጀመሪያው ዳር መውሰድ እንዳለበት አይታየውም፤ ያሻገሩትን መመለስ ኪሳራ ይመስላልና። በስሌት ጥያቄም ተማሪው የጀመረውን መንገድ ላለመተው ሲል ብቻ ብዙ ገጽ ይሞላል።

መንገድ ካልን፣ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃን ወርዶ ደጀን ለመውጣት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። የጫነ ኢሱዙ ሲሄድ በሰዓት 20፣ ባዶውን ሲመለስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከነዳ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? 30 የሚለው መልስ ከአፍ ይቀድማል። ሹፌሩን ብትጠይቁት ግን ስለ ሰዓት ነው የሚነግራችሁ፦ ለመሄድ 2 ሰዓት፣ ለመመለስ 1 ሰዓት። 80 ኪሎ ሜትር በ3 ሰዓት፤ ከ27 ትንሽ ያንሳል። በዝግታው ላይ የቆየበት ጊዜ ስለሚረዝም አማካዩ ወደ ዝግታው ያዘነብላል። ጥያቄው ስለ ፍጥነት ቢጠይቅም የሚፈታው ሰዓቱን በማየት ነው። ያልተጠየቀውን ነገር ፈልጎ ማስላት ልጆች በቶሎ የማይለምዱት ነገር ስለሆነ፣ «ይህን ለማወቅ ምን ቀድሜ ባውቅ ይሻለኛል?» የሚለውን ጥያቄ ደጋግሞ ማስለመድ ይገባል።

ስሌቱ ካለቀ በኋላም ታሪኩ አያልቅም። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ ምዘና ውጤት ለ13 ዓመት ልጆች የቀረበን ጥያቄ ይዟል፦ አንድ የጦር አውቶቡስ 36 ወታደር ይይዛል፤ 1128 ወታደሮችን ለማጓጓዝ ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል? 29 ከመቶ የሚሆኑት «31 ቀሪ 12» ብለው ጻፉ። 32 ያሉት 23 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለእኛ ገበሬ ያው ጥያቄ የዩሪያ ጥያቄ ነው። ዩሪያ ውስጥ ናይትሮጅን 46 ከመቶ ስለሆነ የ50 ኪሎው ጆንያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ማሳው 60 ኪሎ ናይትሮጅን ቢፈልግ 60 ለ23 ሲካፈል 2 ነጥብ 6 ይወጣል፤ ሙሉ ጆንያ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ግን የሚገዛው 3 ነው። ቀሪውን ወደ ላይ ማድረግ፣ መጣል ወይም እንዳለ መተው የሚወስነው ታሪኩ ነው፤ የማካፈል ደንብ ይህን አይነግረንም።

እዚህ ላይ ወደ 3 ጥማዱ እመለሳለሁ። በአካባቢው ልማድ 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይያዛል። 12 ኩንታል ከ3 ጥማድ ማለት በሄክታር 16 ኩንታል ነው፤ ደንበኛ የጤፍ ምርት። 24 ኩንታል ከሆነ ግን በሄክታር 32 ይሆናል። የአገሪቱ አማካይ የጤፍ ምርት በሄክታር 20 ኩንታል ሳይሞላ እንዲህ ያለ ማሳ ቢገኝ ከቢቸናም ከሞጣም ሰው ሊያየው ይመጣ ነበር። የገበሬ ልጅ ይህን ያውቃል። 24 ብሎ የጻፈው ልጅ እንኳ ያውቃል፤ ግን እውቀቱን ከክፍሉ በር ውጪ ትቶ ገብቷል። «መልስህን አባትህ ቢሰማው ያምንሃል?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ያን እውቀት ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

የቋንቋው ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። በአማራ ክልል ሒሳብ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ይማሩታል፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ባዶ ስሌት በዚህ ዝውውር ብዙም አይጎዳም፤ 3 ሲባዛ በ4 በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። የሚጎዳው የቃላት ፕሮብሌም ነው። በአማርኛ «ከአንድ ቁጥር ላይ 5 ሲቀነስ» ስንል ቁጥሩ ቀድሞ ይመጣል፤ 5ቱ ይከተላል፤ የሒሳቡም ጽሑፍ እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛው «ፋይቭ ለስ ዛን ኤ ነምበር» ሲል 5ቱን ያስቀድማል። ቃሉን በቅደም ተከተል የሚገለብጥ ተማሪ ከ5 ላይ ቁጥሩን ይቀንሳል። አልጀብራው ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ጣለው፤ ውጤቱ ግን «በሒሳብ ደካማ» ተብሎ ይመዘገባል። በቁጥር ላይ ማፍጠጥና ቁልፍ ቃል ማደን ከ7ኛ ክፍል በኋላ የሚብሰውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ያልገባው ገጽ ላይ የሚያውቀው ነገር ቁጥሩ ብቻ ነውና። ስለዚህ ጥያቄውን ያለ ቁጥር መተረክ ያልኩት ከ7ኛ ክፍል በኋላ በአማርኛ ይሁን። እንግሊዝኛውን አንብቦ ታሪኩን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለጓደኛው ነግሮ፣ ከዚያ መልሱን በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ይህ ከትምህርቱ ቋንቋ መሸሽ አይደለም፤ ጥያቄውን ማንበብ ማለት ይህ ነው።

ወደ ፍተሻው ልመለስ። ፍተሻ ከስሌት ጋር አብሮ ሲሰፋ ምን እንደሚመስል ለማየት ምስራቅ ጎጃም ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቢቸና አጠገብ ያለው ዲማ ጊዮርጊስን የመሰሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ባሉበት አገር ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ስሌት፣ ለዘመናት ሲሠራ ኖሯል። ጥያቄው በቃላት ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ ዘንድሮ ፋሲካ መቼ ይውላል? የ2018ን እንሥራ። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ዓመተ ዓለም። የጨረቃና የፀሐይ ዑደት በ19 ዓመት ስለሚገናኝ ለ19 ይካፈላል፤ ቀሪው 13 ነው። የያዝነው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ አንድ ይነሣለታል፤ 12 ወንበር ይሆናል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ወንበር በ11 ይባዛል፤ 132፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል 12 አበቅቴ። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል 18 መጥቅዕ። አሁን ፍተሻው፦ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው። 12 እና 18፣ 30። ካልሆነ ተማሪው አይቀጥልም።

መጥቅዕ ከ14 በላይ ስለሆነ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ 7 ነው። 18 ሲደመር 7፣ 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25። ሁለተኛው ፍተሻ እዚህ ነው፦ ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ ይገባል፤ ጥር 25 ሰኞ ነበር። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ላይ ይውላል፤ ዕለቱም እሑድ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ስም አለው፤ ስሙም ቁጥሩ ስለምን እንደሆነ ይናገራል። በየእርምጃው መካከል ስሕተት የሚያዝበት በር አለ። የዘመናዊው ሒሳብ መጽሐፋችን ተማሪው በደብተሩ ላይ 12 ብሎ ሲጽፍ «12 ምን?» ብሎ ቢጠይቅ ከዚህ ብዙ ይማር ነበር።

ለመልመጃ የ2019ን ትንሣኤ አውጡ። መጥቅዑ ከ14 በታች ይወጣል፤ ስለዚህ በጥቅምት ይውላል፤ ነነዌም ወደ የካቲት ያልፋል። የዕለታቱ ተውሳክ የቅዳሜ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2 ነው። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ይውላል። አበቅቴና መጥቅዕ 30 ካልሞሉ ወደ ወንበር ተመለሱ፤ ነነዌ ሰኞ ካልሆነ ተውሳኩን እንደገና እዩ፤ ሁለቱም ከተስማሙ ሚያዝያ 24 ላይ ትደርሳላችሁ።